ያው 0.8 ሜትር ተብሎ ባሕሩ ለምን ይለያያል? ስለ ፖሌግ ዳርቻ የሞገድ ትንበያ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው እስራኤል፣ ኔታንያ ነው። የ13 ዓመት ልጄ በዚህ በጋ ፖሌግ ዳርቻ ላይ ሰርፊንግ (ቦርድ በሚባል ሰሌዳ በሞገድ ላይ መንሸራተት) መማር ጀምሯል፤ ከትምህርቱ ቀን ውጭም ከጓደኞቹ ጋር መሄድ ይፈልጋል። እኔ ባሕር አላውቅም፣ መዋኘትም አልችልም፤ ስለዚህ የምፈቅድለትም የምከለክለውም ስልኬ ላይ ያለውን የሞገድ ትንበያ አይቼ ነው። ማክሰኞ ዕለት ትንበያው 0.8 ሜትር፣ 5 ሰከንድ ይል ነበር። ከሰዓት በኋላ ሄዶ ባሕሩ ሲያንከባልለው ውሎ ውኃ ጠጥቶ ተመለሰ። ዓርብ ጠዋትም ያው 0.8 ሜትር ነበር፣ ሰከንዱ ግን 7 ይላል፤ በዚያን ቀን ባሕሩ ለስላሳ ነበርና ለመጀመሪያ ጊዜ ቦርዱ ላይ ቆመ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከአምስት ቀን በፊት 1.2 ሜትር የተባለው፣ ቀኑ ሲደርስ 0.5 ሆነ። ካሊፎርኒያ ያለው ወንድሜ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰዓት ተመልከቺ ይለኛል። እኔ በበኩሌ ልጄን ሞገድ በማይሰበርበት፣ ጸጥ ባለው በኩል ግባ እለዋለሁ። የትኛውን ልመን?»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ነጥብ እጀምራለሁ፤ ሌላው ሁሉ ሊቆይ ይችላል፣ ይህ ግን አይቆይም። ልጅዎን ጸጥ ባለው በኩል ግባ ማለትዎን ዛሬውኑ ያቁሙ። በዚያ በኩል ሞገድ የማይሰበረው ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ነው። ሞገድ የሚፈርሰው የውኃው ጥልቀት ከራሱ ከፍታ ብዙም በማይበልጥበት ቦታ ነው፤ አንድ ሜትር የሚሆን ሞገድ በግምት 1.3 ሜትር ጥልቀት ላይ ሲደርስ ይሰበራል። ስለዚህ ነጭ አረፋ የሚያዩበት ቦታ ከውኃው በታች የአሸዋ ጉብታ ያለበት ሲሆን፣ በሁለት ጉብታዎች መካከል ያለው ጸጥ ያለ መስመር ግን ቦይ ነው። ሞገዶቹ እየደጋገሙ ወደ ዳር የገፉት ውኃ መመለሻ ይፈልጋልና በዚያው ቦይ ተሰብስቦ ወደ ጥልቁ ይወጣል፤ ጎታች ጅረት የሚባለው ይህ ነው። ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ገደማ ቢሆንም ባሕሩ ሲበረታ 2 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ በዚህ ፍጥነት ላይ የኦሎምፒክ ዋናተኛ እንኳ ወደ ፊት መራመድ ይከብደዋል። ከዳር ሆነው ሲመለከቱት ከአካባቢው የጠቆረ፣ ላዩ የተጨማደደ፣ አንዳንዴም አረፋና የደፈረሰ አሸዋ ይዞ ወደ ውጭ የሚሄድ መስመር ሆኖ ይታያል። ልምድ ያላቸው ሰርፈሮች ሳይደክሙ ወደ ውጭ ለመውጣት ሆን ብለው በዚሁ መስመር ስለሚገቡ፣ እነሱን ያየ ሰው መግቢያው በዚያ በኩል ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ጀማሪ የሚገባው ግን ወገቡ በማያልፍ ውኃ፣ አረፋው ወደ ዳር በሚገፋበት በኩል ነው፤ አረፋ ያንከባልላል፣ ነገር ግን ወደ እርስዎ ይመልሰዋል።

ልጅዎ በጅረቱ ቢያዝ ምን ማድረግ እንዳለበት በድንገት እንኳ ቢጠየቅ የሚመልሰው እንዲሆን ያስጠኑት። ቦርዱን አይለቅም፤ ቦርዱ ተንሳፋፊው ነው። ከጅረቱ ጋር ወደ ዳር አይታገልም፤ ሰዎችን የሚያሰምጣቸው ጅረቱ ራሱ ሳይሆን ከእሱ ጋር ሲታገሉ የሚመጣው ድካም ነው። ቦርዱ ላይ ተኝቶ ክንዱን ከፍ አድርጎ ለሕይወት አዳኙ ያሳያል፤ አቅም ካለው ከዳርቻው ጎን ለጎን ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ፣ አረፋ ወደሚታይበት በኩል ይቀዝፋል፤ ከዚያ አረፋው ያወጣዋል። እርስዎም መዋኘት የማይችሉ ስለሆኑ፣ ልጄ ነው ብለው ተከትለውት እንዳይገቡ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ሕይወት አዳኙን ይጥሩ፣ ካልተገኘ ወደ አስቸኳይ እርዳታ 101 ይደውሉ፣ ዓይንዎን ከልጁ ላይ አይንቀሉ፤ ያለበትን ቦታ በጣትዎ ማሳየት መቻልዎ ራሱ ትልቅ እርዳታ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። ትንበያው ላይ ያዩት 0.8 ሜትር የየትኛውም ነጠላ ሞገድ ልክ አይደለም። በአንድ ሰዓት ያለፉትን ሞገዶች ሁሉ በከፍታቸው ቢደረድሯቸው፣ ከላይ ያሉት ሲሶዎቹ በአማካይ የሚኖራቸው ከፍታ ነው። በዚህም ምክንያት አብዛኞቹ ሞገዶች ከተጻፈው ያነሱ ሲሆኑ፣ አልፎ አልፎ ግን እጥፉን የተጠጋ ይመጣል። 0.8 ሜትር በተባለ ቀን ሁለት ሰዓት ውኃ ውስጥ የቆየ ልጅ 1.4 ወይም 1.5 ሜትር የሚሆን ሞገድ ቢያጋጥመው ትንበያው ተሳሳተ አይባልም፤ ያ ሞገድ ግን የራሱን ቁመት ያህላል። በተጨማሪ ይህ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የተሰላው ለክፍት ባሕር ነው፤ ሞገዱ ወደ ዳር ሲጠጋ የሚኖረው መልክ ሌላ ነው። በዕብራይስጥ የሚወጡት የሰርፈሮች ትንበያዎች ከፍታውን በሰው አካል፣ ማለትም እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ፣ እስከ ትከሻ እያሉ የሚገልጹት ዳር ላይ የሚታየውን ሞገድ ለመናገር ነው። ሁለቱን ዓይነት ገጽ እያቀያየሩ የሚያነጻጽሩ ከሆነ ሁልጊዜ የሚጣሉ ይመስልዎታል፤ አንዱን ይያዙ።

ማክሰኞን ከዓርብ የለየው የመጀመሪያው ነገር ያ ትንሽ ሰከንድ ነው። ሰከንዱ አንዱ የሞገድ ጫፍ ካለፈ በኋላ ቀጣዩ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው። በ5 ሰከንድ በደቂቃ 12 ሞገድ ይመጣል፤ በ7 ሰከንድ ግን ስምንት ወይም ዘጠኝ ብቻ። ለእርስዎ ልጅ ይህ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ያስቡ፤ ወድቆ ተነሥቶ፣ ዓይኑን ጠርጎ፣ ቦርዱን አዙሮ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ድረስ ማክሰኞ ባሕሩ ፋታ አልሰጠውም። ርዝመታቸውም ይለያያል፤ በጥልቅ ውኃ የ5 ሰከንድ ሞገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ 39 ሜትር ገደማ ሲሆን የ7 ሰከንዱ ወደ 76 ሜትር ይደርሳል። አጭሩ ሞገድ ቁልቁለቱ ድንገተኛና የተጣበበ ነው፤ ረጅሙ ግን ተስተካክሎ ስለሚመጣ ጀማሪው ለመቅዘፍና ለመቆም ጊዜ ያገኛል። እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሰከንዱ በጨመረ ቁጥር በእኩል ከፍታ ውስጥ ያለው ጉልበትም ይጨምራል፤ በ10 ሰከንድ የመጣ 1 ሜትር ሞገድ በ5 ሰከንድ ከመጣው እጥፍ ጉልበት ይዟል፤ ጎታች ጅረቱም ሊበረታ ይችላል። ለስላሳ መልክ ያለው ባሕር ሁሉ ደካማ ነው ብለው እንዳይደመድሙ።

ሁለተኛው፣ ለእኔም ከሁሉ የሚበልጠው፣ ነፋሱ ነው። በበጋ የእስራኤል ዳርቻ ነፋስ ልማዱ የታወቀ ነው። ሌሊት የብሱ ከባሕሩ ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ ደካማ አየር ከምሥራቅ፣ ከየብሱ ወደ ባሕሩ ይወጣል፤ ጎሕ ሲቀድ ውኃው እንደ መስተዋት የሚተኛው ለዚህ ነው። ፀሐይ የብሱን ስታሞቀው ነገሩ ይገለበጣል፤ ከጠዋቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ጀምሮ ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ ነፋስ ይነሣል፣ ከሰዓት በኋላ ይበረታል፣ ወደ ምሽት ይደክማል። ይህ ከባሕር የሚነሣ ነፋስ የሞገዱን ጀርባ እየገፋ ያለ ጊዜው ይሰብረዋል፣ በላዩም የራሱን ትናንሽና የተጣደፉ ሞገዶች ይጨምርበታል። የማክሰኞው 0.8 ሜትር እንዲህ ያለው ነፋስ ያኔውኑ የሠራው ትርምስ ነው፤ የዓርቡ 0.8 ሜትር ደግሞ ከሩቅ የመጣ፣ መንገድ ላይ የተስተካከለ፣ ነፋስ ሳይነካው የደረሰ ሞገድ ነው። ቁጥራቸው አንድ ይሁን እንጂ ሁለቱ አንድ ባሕር አይደሉም። ሰዓቱን ሲያነቡም ይጠንቀቁ፤ ትንበያዎቹ የሚጽፉት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ 06 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ 15 የሚለው ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። አንዳንድ ገጾች በዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC) ስለሚጽፉ በበጋ የእስራኤል ሰዓት ለማግኘት 3 መጨመር ያስፈልጋል።

ከየብስ የሚነፍስ ነፋስ ባሕሩን ያለሰልሳል ማለት ግን ለልጅ ሁልጊዜ ይመቻል ማለት አይደለም። የምሥራቅ ነፋስ ሲጠነክር ቀላልና ትልቅ የሆነውን የጀማሪ ቦርድ ከነተሳፋሪው ወደ ውጭ ይገፋል፤ ዳር ላይ ያለ ሰው ባሕሩን ጸጥ ብሎ ሲያየው አደጋው አይታየውም። በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የምሥራቅ ነፋስ ከተጻፈ ሞገዱ የቱንም ያህል ቢያምር ልጅዎ ይቅር።

ከአምስት ቀን በፊት የተነገረው ለምን እንደተለወጠ ለመረዳት፣ የሞገድ ትንበያ በመሠረቱ የነፋስ ትንበያ መሆኑን ማወቅ ይበቃል። እንደ አሜሪካው ጂኤፍኤስ ያሉት የአየር ትንበያ የኮምፒውተር ሞዴሎች በቀን አራት ጊዜ እንደ አዲስ ይሰላሉ፤ ነፋሱ የት፣ ምን ያህል፣ ለስንት ሰዓት እንደሚነፍስ ከገመቱ በኋላ ሞገዱ ከዚያ ይሰላል። ካሊፎርኒያ ላይ የሚደርሰው ሞገድ ብዙ ጊዜ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ባለ ማዕበል ተወልዶ ቀናት የተጓዘ ነው፤ ትንበያው ሲወጣ ሞገዱ መንገድ ላይ ስለሚሆን ወንድምዎ የአምስት ቀን ትንበያ ቢያምን ምክንያት አለው። የእኛ ባሕር ግን ጠባብ ነው። የ7 ሰከንድ ሞገድ ጉልበቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ከቀርጤስ አካባቢ ተነሥቶ ኔታንያ ለመድረስ ሁለት ቀን እንኳ አይሞላውም። ከዚያ በፊት የሚነገርዎት ገና ስላልነፈሰ ነፋስ የተሰላ ሞገድ ነው። ስለዚህ የአምስት ቀኑን ለዕቅድ ብቻ ይመልከቱት፤ ሊፈቅዱ ወይም ሊከለክሉ ሲሉ ግን ከ48 ሰዓት ወዲህ ያለውን፣ በተለይም የዚያኑ ዕለት ጠዋት የወጣውን ይመኑ። ሞዴሎቹ ባሕሩን የሚያዩት በሰፋፊ አራት ማዕዘን እየከፈሉ ስለሆነና የአንዳንዶቹ ጎን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚደርስ፣ በፖሌግና በመካከለኛው ኔታንያ መካከል ያለውን ልዩነት ከእነሱ አይጠብቁ። ከግምት ይልቅ መለኪያ ለማየት ከፈለጉ፣ የእስራኤል የውቅያኖስና የሐይቆች ምርምር ተቋም ከእናንተ በስተ ሰሜን በሐደራ፣ ከዳር 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ገባ ብሎ የባሕር መለኪያ ጣቢያ አለው፤ በዚያ የሚለካው የዚያኑ ሰዓት እውነት ነው።

የወንድምዎ ምክር እሱ ባለበት አገር ትክክል ነው። በካሊፎርኒያ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት 2 ሜትር ሊደርስ ስለሚችል አንድ ዳርቻ በስድስት ሰዓት ውስጥ ሌላ ዳርቻ ይሆናል። በእስራኤል የሜዲትራኒያን ዳርቻ ግን ልዩነቱ ከግማሽ ሜትር አይደርስም። ጊዜዎን በእሱ አያባክኑ።

ስለ ኮከቦቹ አልጠየቁም፤ ብዙ ወላጅ የሚሳሳትበት ስለሆነ ግን ልጨምረው። ትንበያዎቹ ለቀኑ የሚሰጡት ኮከብ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀመረው ልምድ ላለው ሰርፈር ነው። አምስት ኮከብ ያገኘ ቀን ትልቅና ብርቱ ሞገድ ያለበት ቀን ነው፤ ለጀማሪ ጥሩው ቀን ብዙ ጊዜ አንድ ኮከብ ወይም ምንም ኮከብ የሌለው ነው።

ማንኛውም ትንበያ የማይነግርዎት ነገር ደግሞ የባሕሩ ሥር ነው። ፖሌግን ለጀማሪ ምቹ ያደረገው ሞገዱ የሚሰበረው በአሸዋ ላይ መሆኑ ነው፤ ልጅዎ ሲወድቅ የሚያርፈው ድንጋይ ላይ አይደለም። ያ አሸዋ ዓባይ ለዘመናት ወደ ሜዲትራኒያን ያፈሰሰው፣ የባሕሩ ጅረቶችም በሲና ዳርቻ በኩል ወደ ሰሜን ያመጡት ነው፤ ይህን ለልጅዎ ቢነግሩት ደስ ይለኛል። አሸዋ ግን አንድ ቦታ አይቆይም። ብርቱ ሞገድ በመጣ ቁጥር ጉብታውም ቦዩም ቦታ ይለውጣሉ፣ ባለፈው ሳምንት እስከ ወገብ የነበረው ዛሬ ከራስ በላይ ሊሆን ይችላል። «እዚያ ጋር እናውቀዋለን» የሚል የልጆች ንግግር ዋጋ የለውም። ወደ ዳርቻው ሲደርሱ ውኃው ሳይነካ 10 ደቂቃ ቆሞ መመልከት፣ አረፋው የት እንደሚነሣ፣ ጸጥ ያለው መስመር የት እንደሆነ፣ ትልልቆቹ ሞገዶች በስንት ደቂቃ አንድ ጊዜ ተከታትለው እንደሚመጡ መለየት ያስፈልጋል። ይህን ለማድረግ መዋኘት መቻል አይጠበቅብዎትም፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከልጅዎ ይልቅ ባሕሩን የሚያነቡት እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ።

እንግዲህ ለእርስዎ ልጅ፣ በዚህ ዳርቻ፣ በበጋ የምመክረው ይህ ነው። ከፍታው ከ0.3 እስከ 0.7 ሜትር፣ ሰከንዱ 6 እና ከዚያ በላይ፣ ነፋሱ በሰዓት ከ12 ኪሎ ሜትር በታች ሲሆን ይፈቀድለት። 0.8 ሜትር ከሆነ እንደ ዓርቡ ጠዋት ነፋስ በሌለበትና አሠልጣኙ አብሮት ባለበት ብቻ ይግባ። ከ1 ሜትር በላይ ከሆነ ወይም ከባሕር የሚነሣው ነፋስ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ካለፈ ይከልክሉት፤ ቢያኮርፍም አይለወጡ። ከቤት መውጫው ማለዳ ነው፤ ነገር ግን ማለዳው የሚያምረው ሕይወት አዳኙ ከመምጣቱ በፊት ሊሆን ስለሚችል፣ የጥበቃውን ሰዓት አስቀድመው ከማዘጋጃ ቤቱ ይጠይቁና ልጁ ከዚያ ሰዓት በፊት አይግባ። ከጥበቃው መጀመሪያ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ይበቃዋል። ነጭ ባንዲራ ከሆነ መግባት ይቻላል፤ ቀይ አደገኛ ነው ማለት ስለሆነ ለልጅዎ እንደ ክልከላ ይቁጠሩት፤ ጥቁር ከሆነ ለማንም ክልክል ነው፤ ስልክዎ ላይ ምንም ዓይነት ቁጥር ቢጻፍ ባንዲራው ይበልጣል። ሰርፈሮች ከዋናተኞች ክልል ተለይተው የሚገቡበትን ቦታም የሚያሳየው ሕይወት አዳኙ ነው።

ከጓደኞቹ ጋር ብቻውን የመሄዱን ጉዳይ በሞገድ ትንበያ አይወስኑት። መጀመሪያ ያለ ቦርድ፣ በመዋኛ ገንዳ 200 ሜትር ሳያርፍ ይዋኝ፣ ከዚያም እግሩ መሬት ሳይነካ አምስት ደቂቃ ይንሳፈፍ። የቦርዱ የእግር ገመድ ሊበጠስ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚቀረው የመዋኘት ችሎታው ብቻ ነው። ይህን እስኪያደርግ ድረስ ቦርድ ላይ መቆሙ መዋኘት መቻሉን አያሳይም፤ ያለ አሠልጣኝም አይግባ።

ይህ ሁሉ ልክ የተሰጠው ለበጋው ነው። ከኖቬምበር ወዲህ፣ ዝናቡ ሲገባ፣ ቆጵሮስ አካባቢ የሚወለዱት ማዕበሎች በ8 እና በ10 ሰከንድ የሚመጡ፣ 2 እና 3 ሜትር የሚደርሱ ሞገዶችን ይዘው ይመጣሉ፤ ውኃው በፌብሩዋሪ ወደ 17 ዲግሪ ይወርዳል፣ የጥበቃው ወቅትም ያበቃል። ማዕበሉ ካለፈ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነፋሱ ይተኛና ባሕሩ እጅግ ያምራል፤ ልጅዎ በዚያን ቀን መለመኑ አይቀርም። በመጀመሪያው ክረምቱ ያለ አሠልጣኝ አይግባ። የፖሌግ ወንዝም እዚያው አጠገብ ወደ ባሕሩ ስለሚገባ፣ ብርቱ ዝናብ ከጣለ በኋላ ከየብሱ ያጠበውን ቆሻሻ ይዞ ይመጣል፤ ሞገዱ ቢመችም ቢያንስ ሦስት ቀን ይቆይ፣ ከወንዙ አፍ ደግሞ ሁልጊዜ ይራቅ።